ማተቡ እጁ ላይ ነበር

የሰደበው ዶክተር ጌድዮን ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የጥቅምት ሚካኤል ማግስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት። ቦታው የካ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል፣ ምድር ቤቱ፣ የሲቲ ስካን ክፍሉ በር ላይ። ኢንስፔክተር ወልደ ሐዋርያት ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም ሳያዛንፍ ይደግመዋል።

ሚስቱ ሐመልማል ከማሽኑ ክፍል ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማተቧን ከእጇ ፈትታ ወደ አንገቷ እየመለሰች። እሱ የጭንቅላቷን ፊልም ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያያል፣ ያያል፣ ምንም አይገባውም። ዶክተሩ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆቡን አውልቆ ጠየቀው።

«ዶክተር፣ ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት? እኔ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ በሚገባኝ አርገው ይንገሩኝ።»

ዶክተር ጌድዮን በዕድሜ ልጁ ሊሆን ምንም አይቀረው። ፊልሙን ነጠቅ አድርጎ አየና መለሰለት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

«ይሄ ለስምንተኛ ክፍል የሚነገር አይደለም። ቤትህ የተማረ ሰው ካለ ይዘህ ና።»

ቤቱ የተማረ ሰው አልነበረም። ልጅም አልሰጣቸውም። ሐመልማል እጁን ይዛ፣ «ተወው ወልዴ፣ ደክሞት ይሆናል» አለችው። ዓመቱ ሳይዞር ቀበራት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ወልደ ሐዋርያት ግን አለመርሳቱ አልበቃውም፤ መልስ ሲያዘጋጅ ነው የኖረ። ፂሙን ሲላጭ ይለዋል። ታክሲ ውስጥ ጥግ ይዞ ይለዋል። ከእሱ ኋላ የመጡ ባለ ዲግሪ ልጆች አለቃ ሆነው ሲሾሙበት ይለዋል። መልሱ መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ እየተላገ፣ እየተላገ አጭር ሆነ። አንድ ቀን ካቴና ይዞ እዚያው በር ላይ ይቆማል። ያ ሰው ይወጣል። እሱም እንዲህ ይለዋል፦ «ዶክተር፣ የተማረ ሰው አጣሁ። እኔው መጣሁ።»

ያን ዕለት እዚያ በር ላይ ሌላም ሰው ነበር። በስድቡ ታሪክ ውስጥ ስለማይገባ ግን ወልደ ሐዋርያት ስሙን እንኳ አልያዘውም።

*

ከዓመታት በኋላ፣ በጥር ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሳጅን ጁነይድ ደወለለት።

«ጋሽ ወልዴ፣ እንጦጦ ላይ ሬሳ ተገኝቷል። ወደ ጠበሉ የሚያስወጣው የእግር መንገድ ላይ።»

ፒክአፑ እስከ ፒስታው ጫፍ ወጣ፤ የቀረው አጭር መንገድ ነው። ባሕር ዛፉ ገና ጤዛ ያንጠባጥባል። እንጨት ተሸካሚዋ ጂቱ ሸክሟን አውርዳ ላዩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው እህቴ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ስወጣ አየሁትና የተኛ ጠበልተኛ መስሎኝ፣ ‹ብርድ ይመታሃል ተነሥ› ብዬው አለፍኩ። ስወርድም እንደዚያው ነው።»

«የነካሽው ነገር አለ?»

«ምን እነካለሁ? የወደቀ ጭራሮ ሳነሣ የምባረር ሴት ሬሳ ልንካ?»

ጁነይድ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ፊቱን አዞረ።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት ግድም የሚሆነው፣ ጠይም፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። በጀርባው ተዘርግቷል። ዓይኑ ተከድኗል። ራሱ ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሰብስቦ እንደ ትራስ ተደርጎለታል። ከግንባሩ ጎን እብጠት አለ፤ በክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። ወልደ ሐዋርያት ጫማውን ገልብጦ አየ። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው፤ ሶሉ ግን ንጹሕ ነው።

«በእግሩ አልመጣም» አለ። «ሌላ ሰው ነው ያመጣው። ያመጣውም ሰው አዝኖለታል። ነፍሰ ገዳይ ትራስ አያበጅም።»

ጁነይድ ቁጢጥ ብሎ የሟቹን ግራ እጅ በእስክሪብቶ ጫፍ ጠቆመ። ጥቁር ክር የእጁ አንጓ ላይ ተጠምጥሞ ታስሯል፤ ትንሽ የብር መስቀል አለበት።

«ጋሽ ወልዴ፣ እናንተ ማተብ እጃችሁ ላይ ታስራላችሁ እንዴ?»

«አናስርም። አንገት ላይ ነው።»

«ታዲያ ይሄ?»

«እንጃ» አለ ወልደ ሐዋርያት። እንጃ ይበል እንጂ የሆነ ነገር ልቡን ጫር አደረገው። ምን እንደሆነ ቢያስብ፣ ቢያስብ አልመጣለትም።

ኪሱ ውስጥ መታወቂያ ተገኘ። ሊሊሳ ይባላል፤ የካራ ሰው ነው።

*

ካራ ሲደርሱ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስል ነበር። የግቢው ባሕር ዛፎች ተቆርጠው ተጋድመዋል፤ ጉቶው ገና ያለቅሳል። ጎረቤቱ በሙሉ አንድ ቃል ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ወንድማማቾች በዛፉ ተጣሉ፣ ታላቁ ኢቲቻ ታናሹን ሊሊሳን ራሱን በዱላ መታው፣ ሊሊሳ እየተሳደበ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ኢቲቻን የአካባቢው ፖሊስ ቀድሞ ይዞታል።

ጣቢያው ውስጥ ወልደ ሐዋርያት ፊት ሲቀመጥ ኢቲቻ ቀና አላለም።

«መታኸው?»

«መታሁት። አልክድም። ዛፉን የተከለው አባታችን ነው። ምነው ቢነግረኝ? ተኝቼ ስነሣ መሬት ላይ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«በእግሩ ሄደ። እየሰደበኝ ነው የሄደው።»

«ወዴት?»

«ወዴት ትሄዳለህ አላልኩትም» አለ። «ሁልጊዜ እለው ነበር። ያን ቀን ብቻ አላልኩትም።»

ኮማንደሩ ወጣት ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውን በቅርቡ የያዘ። ወልደ ሐዋርያትን ኮሪደር ላይ አስቆመው።

«ጋሽ ወልዴ፣ የመታ አለ፣ የሞተ አለ፣ ምስክር አለ። ከዚህ ውስጥ ያልገባህ የቱ ነው?»

«ጫማው።»

«የምን ጫማ?»

«ንጹሕ ነው።»

«መኪና ተከራይቶ ያወጣዋላ። አንዳንዴ ነገር ቀላል ነው፤ ቀላል ሲሆን መቀበል ነው።»

*

ሰኞ ጠዋት የልጆቹ እናት አዴ ጋዲሴ ጣቢያ መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ አንተ ነህ አለቃው?»

«አለቃው እንኳ ሌላ ነው እናቴ። ጉዳዩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተው ስማኝ። አንዱን አፈር ሊበላብኝ ነው። ሬሳውን ነገ እንሰጥሻለን ብለውኛል፤ ነገ ከሰዓት እቀብረዋለሁ። ሌላው እዚህ አንተ ጋ ነው። ወንድሙን ሳይቀብር ከቀረ፣ ያገር ሰው ‹ገድሎት ነው› ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ብትፈታውም እኔ ጋ አይመለስም፤ ይጠፋል። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትቅበርብኝ።»

ወልደ ሐዋርያት መሬት መሬት አየ። «ሊሊሳ ሕመም ነበረበት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ከልጅነቱ ብርድ ሲመታው ያፍነዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ማተቡንስ የት ነው የሚያስረው?»

«የት ያስራል? አንገቱ ላይ ነዋ። እኔ ነኝ ክርስትና ሲነሣ ያሰርኩለት።»

«እጁ ላይ ነው የተገኘው።»

አዴ ጋዲሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ። «ማን ፈታው?» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ማተቡን ለማንም አይሰጥም።»

*

ሬሳውን የመረመረችው ሐኪም ጓንቷን እያወለቀች አነጋገረችው።

«ዱላው ቆዳውን አሳብጦታል እንጂ አጥንቱን አልሰበረም። ጉሮሮው ግን አብጦ ተዘግቷል። ገላውን ደግሞ አየኸው? ሳማ የለበለበው ነው የሚመስለው። በክንዱ የተሰጠው መርፌ አልተስማማውም ብዬ እጠረጥራለሁ።»

«እንግዲያው ወንድሙ አልገደለውም?»

«እሱን ገና አልፈርምም። ናሙናው ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ ሳምንታት ይወስዳል።»

«ቀብሩ ነገ ነው እኮ።»

«እኔ የቀብር ሰዓት አላወጣሁም ኢንስፔክተር።»

ኮማንደሩም እንደዚያው አለ። ወረቀት እስኪመጣ ኢቲቻ የትም አይሄድም።

ወልደ ሐዋርያትና ጁነይድ ተመልሰው ካራ ወረዱና መርፌ የሚወጋ ሰው ፈለጉ። ሰፈሩ ያለ ማመንታት ዓምደ ሚካኤልን ጠቆመ፤ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው፤ ቤቱ ድረስ የሚመጣን ሰው ይወጋል። በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

«ሊሊሳን ቅዳሜ ወግተኸዋል?»

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት! ቅዳሜ የካ አባዶ ነው የዋልኩ፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና። ድንኳን ያስጣልኩት እኔ፣ ሰው የሸኘሁት እኔ። ጠይቁ።»

ጁነይድ ስልኩን ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ብቅ አለና ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው። እንዲያውም ማምሻውን ዘፍኗል አሉ።»

ዓምደ ሚካኤል አፈረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እናቱ ግን እንዳይሰሙ» አለ። «ያ ልጅ ይጥለው ነበር። ይንቀጠቀጥና አረፋ ይደፍቃል። ሰው ቢያውቅ ማን ያገባኛል፣ ማን ይቀጥረኛል ብሎ ደበቀ። ዛፉንስ ለምን የጣለው ይመስላችኋል? ለመታከሚያ ነው። ጠበልም ሞከረ። እኔ ነኝ ራስህን በማሽን ተነሣ ያልኩት። አትፍራ፣ ሂድ አልኩት። ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ መለሱት፤ አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አንዴ ሰኞ ና።»

«የት ሆስፒታል?»

ሰውዬው ሆስፒታሉን ጠራ። ወልደ ሐዋርያት ወገቡ ላይ ያለውን ካቴና ሳያስበው ዳበሰው።

*

ማክሰኞ ጠዋት ምድር ቤቱን ሲወርድ ደረጃው አልተለወጠም። አግዳሚውም ያው ነው፤ ሰው እየተቀመጠበት መሐሉ ጎድጉዷል። ዶክተር ጌድዮን ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል። ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

የማያውቀኝ መስሎ ነው፣ አለ ወልደ ሐዋርያት በልቡ።

«ይግቡ። ምን ልርዳዎት?»

«ሊሊሳ የሚባል የካራ ልጅ። ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ነበር።»

«ቅዳሜ እኔ አልገባሁም። ማሽኑም ከእኩለ ቀን በኋላ ዝግ ነው።»

«የት ነበሩ?»

«የእህቴ ሰርግ ነበር፤ ሲ ኤም ሲ። ቪዲዮ አለ፣ ፎቶ አለ። ሙሉ ቀን ሚዜ ነበርኩ።»

«ስልክዎስ?»

«ስልኬ ምን ሆነ?»

«ከዚህ ሆስፒታል ሰው አልደወለልዎትም?»

ዶክተሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በቀን ስንት ሰው ይደውልልኛል። ዘፈን ውስጥ ነበርኩ። አላስታውስም።»

ወልደ ሐዋርያት ዓይን ዓይኑን አየው። ይህን ሰው ፈለገው። በሕይወቱ ማንንም ጥፋተኛ ሆኖ እንዲገኝ እንዲህ ተመኝቶ አያውቅም። ውጭ ቆሞ የነበረው ጁነይድ ቪዲዮውን ከዘመዶቹ ስልክ ላይ አይቶ ሲመለስ ግን ፊቱ ወደቀበት።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሰውዬው እዚያው ነው። ኬክ ሲቆረጥ አለ፣ ፎቶ ሲነሡ አለ፣ እስክስታ ሲመታ አለ። እስክስታው አይሆንም እንጂ ሌላው ልክ ነው።»

«እሺ» አለ ወልደ ሐዋርያት። ቀብሩ ከሰዓት ነው። ኢቲቻ አሁንም እስር ቤት ነው። እሱ ደግሞ የጠዋቱን ጊዜ በገዛ ቂሙ አጠፋው። «አንተ ጣቢያ ተመለስና ጠብቀኝ» ብሎ ጁነይድን ሸኘው።

አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ ሲል የማሽኑ ክፍል በር ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጎበጥ ያለ ሰው ብቅ ብሎ የተረኛ ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ አልጠራም። አየውና ቆመ።

«ኢንስፔክተር? የወይዘሮ ሐመልማል ባለቤት አይደሉም?»

ወልደ ሐዋርያት ደነገጠ። ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው። ያን ማክሰኞ ዶክተሩ ሰድቦት ከሄደ በኋላ ይህ ሰው ወጥቶ ነበር። ፊልሙን አብሮት ይዞ፣ «ጋሼ፣ ራስ እንደ ድፎ ዳቦ ነው» ብሎት ነበር፤ «ማሽኑ ሳይቆርጠው ቆርጦ ያሳየናል። ነጩ ዙሪያው አጥንት ነው። ይቺ መሐል ያለችው ግን መኖር ያልነበረባት ናት። ምን እንደሆነች ዶክተሮቹ ይወስናሉ፤ እርስዎ ብቻ አይለዩዋቸው።» ለሐመልማልም ውኃ አመጣላት። ይህን ሁሉ የት ከቶት ኖሯል?

«ነኝ» አለ። «ስምህን ግን…»

«እንድርያስ እባላለሁ። የሲቲ ስካኑ ባለሙያ ነኝ። ወይዘሮዋስ ደኅና ናቸው?»

«ዐርፋለች። የዚያኑ ዓመት።»

እንድርያስ አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር» አለ። ዓይኑ ቀይ ነው፤ ሰሞኑን እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ዓይን። «አንድ እናት ላነሣ ነው፤ ይቀመጡ፤ መጣሁ።»

ወልደ ሐዋርያት አልተቀመጠም። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ስለነበር ወደ ውስጥ አየ። አንዲት አሮጊት የማሽኑ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል።

«አልፈታም። ብትፈልግ ሳልነሣ ልሂድ።»

«እናቴ፣ መስቀሉ ብረት ስለሆነ ፎቶውን ያበላሽብናል።»

«ማተቤን ፈትቼ ማሽን ውስጥ ልግባ? እዚያው ብቀርስ?»

«ማን ይፍቱ አለዎት? ከገላዎ ሳናርቅ አንገትዎ ላይ የነበረውን እጅዎ ላይ ማዞር ነው። እጅዎ ከማሽኑ ውጭ ነው የሚቀረው። ሲጨርሱ እኔው ወደ ቦታው እመልስልዎታለሁ።»

ከዚያ እንድርያስ የአሮጊቷን ማተብ በቀስታ ፈታ፣ ግራ እጃቸው አንጓ ላይ ጠመጠመ፣ አሰረ።

ወልደ ሐዋርያት ግድግዳውን ተደገፈ። ያን ማክሰኞ ሐመልማል አግዳሚው ላይ ማተቧን ከእጇ ስትፈታ ማን እጇ ላይ እንዳሰረላት ጠይቋት አያውቅም።

*

አሮጊቷ ተነሥተው ወጥተው በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በመስተዋቱ ወዲያ ማሽኑ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል።

«እንድርያስ» አለ። «የሊሊሳን ማተብ ወደ አንገቱ መመለስ ረሳህ።»

እንድርያስ ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ።

«እኔም ትናንት ነው ትዝ ያለኝ» አለ። «ሌላውን ሁሉ አስብ ነበር። ማተቡ ትዝ ሲለኝ ነው ያለቀስኩት።»

«ንገረኝ።»

«ቅዳሜ ዘግቼ ልወጣ ስል መጣ። ግንባሩ አብጧል። ወንድሜ መታኝ አለ፤ እየሳቀ ነው ያለው። ‹ሦስቴ መልሳችሁኛል፤ ዛሬም ብትመልሰኝ ሁለተኛ አልመጣም› አለኝ። ማዘዣው ደም ሥር ውስጥ የሚሰጠውን መድኃኒት ይላል፤ ፎቶውን የሚያጎላውን። እሱ ሲሰጥ ሐኪም አጠገብ መቆም አለበት። ዶክተር ጌድዮን ጋ ደወልኩ። ዘፈኑ ይጮሃል። ‹ስጠው፣ ምን ይሆናል› አለኝ።»

«ሰጠኸው።»

«ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። አስም አለብህ ወይ? መርፌ ተወግተህ አሳክኮህ ያውቃል ወይ? ለሕፃንም ለሽማግሌም እጠይቃለሁ። እሱን አልጠየቅሁትም።»

«ረስተህ?»

«አይደለም። ብጠይቀው አዎ እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። አዎ ካለኝ ልመልሰው ነዋ። ለአራተኛ ጊዜ እንዴት ልመልሰው? አሳዘነኝ።» እጆቹን አየ። «ፎቶው አልቆ አልጋውን ስስበው ‹ጉሮሮዬን› አለ። ሮጥኩ። የድንገተኛው መድኃኒት ቁምሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከነርሷ ጋር ሄዷል። በሩን ሰበርኩት። ስመለስ አልደረስኩም። ደረቱን እስኪደክመኝ ተጫንኩ። ከዚያ መርፌውን ነቀልኩለትና ጥጥ አደረግሁበት። ለሞተ ሰው ጥጥ።»

«ወደ እንጦጦ ለምን?»

«በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መኪናዬ ስወስደው ዘበኛው በሽተኛ መስሎት በር ከፈተልኝ፤ ‹እግዜር ይማርህ› አለው። ጠበል ቦታ የሞተን ሰው ማንም ምን ገደለው አይልም ብዬ አሰብኩ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ከዚያ በላይ ምንም አላሰብኩም።»

«ወንድሙ ታስሯል።»

«ትናንት ሰማሁ። ዛሬ አሮጊቷን አንሥቼ ልመጣ ነበር።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ወልደ ሐዋርያት። ድምፁ ግን አልከረረም።

እንድርያስ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። የሊሊሳ ራስ በጥቁሩ ላይ በነጭ ተቆርጦ ወጣ። «አላጠፋሁትም። ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ይኸው፣ ዱላው ያረፈበት እዚህ ነው። እብጠቱ ከአጥንቱ ውጭ ነው። ውስጡ አልደማም። ኢቲቻ ወንድሙን አልገደለም።»

«የሚጥለውስ?»

«ይቺን ያያሉ? ትንሽ ጠባሳ ናት። የልጅነት ትሆናለች። በኪኒን የምትያዝ ነበረች።»

ወልደ ሐዋርያት ነጩን አየ። ዛሬ ገባው። ባይገባው ይመርጥ ነበር።

«ዶክተሩ በስልክ ያለህን ቃል ስትሰጥ ትናገራለህ?»

«መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። እንደ ተባለው ትናገራለህ፤ እኔም እንደ ተናገርከው እጽፋለሁ። አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም።»

*

ለጁነይድ ደወለ።

«ኢቲቻን አውጣውና ካራ አድርሰው። ቀብሩ ሳይወጣ።»

«ኮማንደሩስ?»

«ፎቶውን ይዤለት እመጣለሁ። ይቆጣ፤ የሚቆጣው እኔን ነው። አንተ ንዳ።»

ፎቶውን አሳትመው እስኪጨርሱ ከሰዓት ሆነ። እንድርያስ ጋዋኑን አውልቆ አጣጠፈ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ለባለቤቱ ስልክ መደወል ፈለገ፤ ቁጥሩን ነካና መልሶ ዘጋው። ማሽኑን አጠፋ። ያ ጉርምርምታ ሲቆም ክፍሉ ባዶ ቤት መሰለ።

ስልኩ ጮኸ። ጁነይድ ነው። ከጀርባው ለቅሶ ይሰማል።

«ደርሰናል ጋሽ ወልዴ። እናትየው ሬሳው ከግቢ አይወጣም ብለው ሰዉን ሁሉ አቁመውት ነበር። አሁን ኢቲቻ ቃሬዛውን ፊት ለፊት ይዟል።» ከለቅሶው ራቅ ብሎ ጨመረ። «ማተቡን ወንድሙ ነው አንገቱ ላይ የመለሰለት።»

ወልደ ሐዋርያት ስልኩን ኪሱ ከተተ። እንድርያስ ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋለት። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ፤ አየው፤ ለዚህ እጅ አልነበረም ያቆየው። መልሶ ኪሱ ውስጥ ጨመረና ክንዱን ብቻ ያዘው።

በሩን ሲከፍቱ ዶክተር ጌድዮን ወደ እነሱ እየመጣ ነበር።

«ምንድን ነው? እንድርያስ፣ ወዴት ነው?»

ዶክተሩ አንዴ እንድርያስን፣ አንዴ የያዘውን እጅ አየ፤ ፊቱ ቀስ እያለ ቀለሙን ለቀቀ። የቅዳሜው ስልክ ያን ጊዜ ትዝ አለው መሰለ።

«የቅዳሜው ልጅ ነው?» አለ።

«ነው» አለ ወልደ ሐዋርያት። «ለምርመራ ይጠራሉ።»

«እመጣለሁ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። ከዚያ ግራ እንደ ገባው ሰው ግንባሩን አሸት አድርጎ፣ ከልቡ ጠየቀው።

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ እርስዎን ግን የት ነው የማውቅዎት? ከጠዋት ጀምሮ ላስታውስ እየሞከርኩ ነው።»

ቦታው ያው በር ነው። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ፤ ስንት ዓመት ተልጎ፣ ተስሎ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድለው። አግዳሚው ላይ አሮጊቷ ውጤታቸውን እየጠበቁ፣ ማተባቸውን አንገታቸው ላይ እየዳሰሱ ተቀምጠዋል። «የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉት እንድርያስን፣ የሚወስዱትን ሳያውቁ።

ወልደ ሐዋርያት የእንድርያስን ክንድ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ዶክተሩን ጥያቄውን ይዞ እንደ ቆመ ትቶት ደረጃውን ወጣ።